ዋጋ ያልተለጠፈበት ነገር የኢኮኖሚክስ ጥናት አይሆንም?

የማታ ተማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ኢኮኖሚክስ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው፣ በማታው። ለመመረቂያ ጽሑፌ ፕሮፖዛል አስገብቼ ነበር። ርዕሱ «ወንድምና እህቶች አቅመ ደካማ ወላጅን የመንከባከብ ኃላፊነት የሚከፋፈሉበት ሁኔታ» ይላል። ባለፈው ሳምንት ተመለሰልኝ። የመጀመሪያው ገጽ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፦ «ገበያው የት አለ? ዋጋው የት አለ? ሶሺዮሎጂ ክፍል ይሻልሻል።» በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ገጾች የገለጣቸው ሰው ያለም አይመስልም። አንድ ጭረት እንኳ የለባቸውም።

አስተያየት እቀበላለሁ። ያናደደኝ ሌላ ነው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ የሚያጠናው የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ደሞዝ ነው። ያለ ምንም ጥያቄ አለፈለት። ደሞዝ አለ፣ ዝውውር አለ፣ ስለዚህ ኢኮኖሚክስ ነው። እኔ ጋ ያለችው ደግሞ ሥራዋን ትታ አልጋ ላይ የዋለች እናቷን የምታገላብጥ፣ የምታጥብ፣ መድኃኒት በሰዓቱ የምትሰጥ ሴት ናት። ደሞዟ ቀርቷል። የጡረታ መዋጮዋ ተቋርጧል። ከዓመታት በኋላ ሥራ ፍለጋ ስትወጣ «ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠሪ ነበር?» ይሏታል። ወንድሞቿ ገንዘብ ይልካሉ፣ ወይም አይልኩም። ይህ ኢኮኖሚክስ ካልሆነ ምኑ ነው ኢኮኖሚክስ?

እስቲ ንገሩኝ፣ ድንበሩ የት ጋ ነው? ማንስ ነው ያሰመረው? ልከራከር ወይስ ልተወው? «ርዕስ ቀይሪና ተገላገዪ» የምትሉኝ ካላችሁ እሱን አማካሪዬም ብሎኛል፣ አትድከሙ።

ሚዛን፦

አይዞሽ። ይሄ ክርክር ካለቀ ቆይቷል፣ ወሬው ገምጋሚሽ ጋ አልደረሰም መሰለኝ።

ሊዮኔል ሮቢንስ በ1932 ኢኮኖሚክስ ምን እንደሆነ ሲበይን ገበያን አላነሳም። ሰው ፍላጎቱ ብዙ ነው፣ ያለው ነገር ውስን ነው፣ ያንኑ ውስን ነገር ደግሞ ለሌላ ጉዳይም ሊያውለው ይችላል። ከዚህ የሚመጣውን ምርጫ ማጥናት ነው ሥራችን። የልጅቷ ቀን ከሃያ አራት ሰዓት ያልፋል እንዴ? ጋሪ ቤከር ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ስለ ዘር መድልዎ፣ ስለ ወንጀል፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ልጅ መውለድ ጻፈ። እሱንም መጀመሪያ ላይ «ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም» ያሉት ብዙ ነበሩ። በ1992 ኖቤል ተሸለመ። (ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጅ ናቸው።)

የአሜሪካ ኢኮኖሚክስ ማኅበር ጥናቶችን የሚመድብበት ጄኢኤል የሚባል የኮድ ዝርዝር አለ። ዲ13 የቤት ውስጥ ምርትና የቤተሰብ ውስጥ ክፍፍል ነው። ጄ14 የአረጋውያን ኢኮኖሚክስ። ጄ22 የጊዜ አመዳደብና የሥራ አቅርቦት። ሦስቱንም ሽፋኑ ላይ ደርድሪያቸው። የጓደኛሽ እግር ኳስ ያለው ዜድ2 ላይ ነው፣ የዝርዝሩ ጭራ፣ «ሌሎች ልዩ ርዕሶች» ውስጥ። ከእሱ ይልቅ አንቺ ለመሀሉ ትቀርቢያለሽ።

የድሮ አስተማሪ፦

ሚዛን ያልከው ልክ ነው፣ ግን ቸኩለሃል። ገምጋሚ ፊት ቆሞ «ኮድ አለው» ማለት አያዋጣም። ኮድ ያለው ደካማ ፕሮፖዛል በየዓመቱ ይወድቃል። ስንቱን ራሴ ጥዬዋለሁ።

ልጄ፣ ቀይ እስክሪብቶ የያዘው ሰው የጻፈልሽን በሁለት ክፈይው። አንደኛው ስሕተት ነው፣ ሁለተኛው ግን ሳይጻፍ የቀረ ትክክለኛ ጥያቄ አለበት።

መጀመሪያ ስሕተቱ። «ገበያው የት አለ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ካገኘ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1934 ሳይመን ኩዝኔትስ የአሜሪካን ብሔራዊ ገቢ አስልቶ ለኮንግረሱ አቀረበ። የቤት እመቤቶችን ሥራ ከስሌቱ አወጣው። ሥራው ዋጋ የለውም ብሎ ሳይሆን የሚለካበት አስተማማኝ መንገድ ስላልታየው ነው። በዚያው ዓመት ማርጋሬት ሪድ የምትባል ኢኮኖሚስት ስለ ቤት ውስጥ ምርት መጽሐፍ አወጣች። መለኪያዋ ቀላል ነው። ሥራውን ለሌላ ሰው ከፍለሽ ልታሠሪው ትችያለሽ? ከቻልሽ ምርት ነው። መብላት ለሌላ ሰው አይሰጥም፣ ምግብ ማብሰል ግን ይሰጣል። ፊልም ማየት አይሰጥም፣ በሽተኛ ማገላበጥ ይሰጣል። ያቺ ሴት የምትሠራውን ነርስ ወይም አስታማሚ ተቀጥራ ትሠራዋለች። ስለዚህ ዋጋውም ገበያውም አለ፤ ልጅቷ ገበያውን ባትጠቀምበትም እዚያ ቆሞ ይጠብቃታል። ይህን በአንድ አንቀጽ መግቢያሽ ላይ አስገቢው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች እዚያው ያልቃሉ።

አሁን ወደ ከባዱ። ርዕስሽ አይጠይቅም፣ ይተርካል። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ያለ ገምጋሚ ሳያውቀውም ቢሆን የሚፈልገው ሌላ ነው። ማን ነው የሚመርጠው? ምንን ትቶ? ምን ቢቀየር ምርጫው ይቀየራል? አንቺ ያነሳሽውን ጉዳይ ከአንቺ በፊት ያነሱ አሉ፣ እንዴት እንደያዙት እይ።

በ1985 በርንሃይም፣ ሽላይፈርና ሰመርስ የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጥያቄያቸው ትንሽ ያሳፍራል። ልጆች ሽማግሌ ወላጆቻቸውን የሚጠይቁትና የሚደውሉላቸው ውርስ ፈልገው ነው? ብልሃቱ ያለው ንጽጽሩ ላይ ነው። ውርስ ማስፈራሪያ የሚሆነው ወላጅየው «ለሌላኛው እሰጠዋለሁ» ማለት ሲችል ነው። አንድ ልጅ ብቻ ያለው ሰው ማንን አስፈራርቶ? ስለዚህ ሁለትና ከዚያ በላይ ልጆች ያሏቸውን አንድ ልጅ ካላቸው ጋር አነጻጸሩ። ሊወረስ የሚችል ሀብት ከጥየቃው ጋር ተያይዞ የተገኘው ብዙ ልጅ ባለበት ቤት ነው። ሐሳቡን ውደጂው አትውደጂው፣ ጥያቄው ግን ሊወድቅ የሚችል ጥያቄ ነው። ዳታው ሌላ ነገር ቢያሳይ ኖሮ ደራሲዎቹ ያፍሩ ነበር።

ሌላው ደግሞ ለአንቺ ይበልጥ ይቀርባል። በ2002 ኮንራድና ሦስት ባልደረቦቹ የጀርመን ዳታ ይዘው ሁለት ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች አዩ። የበኩር ልጅ ከወላጅ ቤት ራቅ ብሎ የመኖር ዕድሉ ከታናሹ ይበልጣል። ምክንያት ብለው ያቀረቡት ታላቁ ቀድሞ ስለሚያድግ የሚኖርበትንም ቦታ ቀድሞ ይመርጣል የሚል ነው። ራቅ ብሎ ከሰፈረ ወላጅ ሲደክም ሸክሙ ቅርብ ባለው ላይ ይወድቃል። ታናሽየው ይህን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። (እኔ የበኩር ልጅ ነኝ። አስተያየት አልሰጥም።)

አየሽ? ጉዳዩ ያው ያንቺው ነው፣ ወላጅን ማን ይጦራል ነው። እነሱ ጋ ግን የሚመርጥ አለ፣ የምርጫ ቅደም ተከተል አለ፣ በቁጥር ሊፈተን የሚችል ግምት አለ። ስለዚህ «ድንበሩ የት ነው?» ላልሽው፣ በርዕስ በኩል አጥር የለም፣ በአጠያየቅ በኩል ግን አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አጥር የለም ማለት መሬቱን እናውቀዋለን ማለት አይደለም። በ2005 ኤሚሊ ኦስተር የምትባል ኢኮኖሚስት በእስያ የሴቶች ቁጥር ከሚጠበቀው በታች የሆነበትን አንዱን ምክንያት በሄፓታይተስ ቢ ለማስረዳት ሞከረች። ቫይረሱ ያለባቸው ወላጆች ወንድ ልጅ ይበዛላቸዋል የሚል ነበር መነሻው። ብዙ ተወራለት። ቆይቶ ከታይዋን የተገኘ ሰፊ የወሊድ መረጃ የእናትየዋ ቫይረስ በሕፃኑ ጾታ ላይ ያለው ተጽዕኖ እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ አሳየ። ኦስተርም ከባልደረቦቿ ጋር የቻይና መረጃ ሰብስባ ሄፓታይተስ ቢ ነገሩን እንደማያብራራ ራሷ ጻፈች። እኔ ለዚህ ባርኔጣዬን አነሳላታለሁ። ግን ሰው ግቢ ስትገቢ የግቢውን ሰው መጠየቅ አይከፋም።

ከማዶ፦

የግቢው ሰው እኔ ነኝ፣ ሶሺዮሎጂ ነው ያጠናሁት። «ሶሺዮሎጂ ክፍል ይሻልሻል» የሚለው እንደ ስድብ መጻፉ ራሱ ብዙ ይናገራል፣ እሱን እንለፈው።

የድሮ አስተማሪ የጻፉትን ወድጄዋለሁ፣ ግን አንድ ነገር ጎድሏል። ኢኮኖሚስቱ መጥቶ «ከልጆቹ መካከል ደሞዟ ዝቅተኛ የሆነችው ሥራዋን ትታ ትጦራለች፣ ምክንያቱም የምታጣው ትንሽ ነው» ይላል። ጥሩ። ደሞዟ ለምን ዝቅ አለ? ገና ተማሪ ሳለች ቤተሰቡ ማን ቤት እንደሚቀር ያውቅ ነበር። ማንም ሰው ቁጭ ብሎ አልወሰነም፣ ግን ሁሉም ያውቃል። ምርጫ የምትሉት ነገር እናንተ ጋ ሲደርስ አልቆ ነው የሚደርሰው። የቤከር ሞዴል ላይ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር፣ ለሁሉም የሚያስብ አንድ ደግ ራስ አለ። ያ ሰው የማን አባት እንደሆነ አላውቅም፣ የእኔ ግን አይደለም።

ሌላው የምንታማበትም የምናማበትም ጉዳይ ነው። በ2015 ማሪዮን ፎርኬድና ሁለት ባልደረቦቿ ኢኮኖሚስቶች ከሌሎች ማኅበራዊ ሳይንሶች ምን ያህል እንደሚጠቅሱ ጽፈው ነበር። ሌሎቹ ኢኮኖሚክስን ከሚጠቅሱት በጣም ያንሳል። የሚገርመው ግን ክብሩን ለሌሎችም ይሰጣሉ። ዳንኤል ካነማን ሳይኮሎጂስት ነበር፣ በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሸለሙት። ኤሊኖር ኦስትሮም የፖለቲካ ሳይንስ ሰው ነበረች። ሰዎች የጋራ ውኃን፣ ግጦሽንና ዓሣን ያለ መንግሥትም ያለ ገበያም እንዴት እንደሚያስተዳድሩ ቦታው ድረስ እየሄደች አጥንታ በ2009 ተሸለመች። እሷ ተማሪ ሆና ይህን ፕሮፖዛል ብታቀርብ ኖሮ ጠርዙ ላይ ምን ይጻፍባት እንደነበር መገመት አይከብድም።

ለእህቴ የምላት፦ ያ የጀርመን ጽሑፍ ላይ ከአራቱ ደራሲዎች አንዱ፣ ሃራልድ ኩነሙንድ፣ ሶሺዮሎጂስት ነው። ተባባሪ አማካሪ ከእኛ ክፍል ፈልጊ። ጥያቄሽን ግን ይዘሽው አትሽሺ።

ዳታ ወዳድ፦

ፍልስፍናውን ለእናንተ ትቼዋለሁ። እኔ እንዳየሁት በተግባር የኢኮኖሚክስን ድንበር የሚያሰምረው ዳታ ነው። ክላውዲያ ጎልዲን የምትባለው ኢኮኖሚስት ያገቡ ሴቶች ድሮ ምን ይሠሩ እንደነበር ልታጠና ስትነሳ የሕዝብ ቆጠራው «ሚስት» ብሎ ብቻ መዝግቦ አልፎታል። ብዙዎቹ ግን እርሻው ላይም ሱቁ ላይም ይሠሩ ነበር። ቤተ መዛግብት ገብታ ቁጥሩን አስተካከለች፣ የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ ወጣ፣ በ2023 ኖቤል አገኘች። ርዕሱ ድሮም ነበር፣ ዓምዱ ነው ያልነበረው።

ስለዚህ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። በምን ልትለኪው ነው? ፕሮፖዛልሽ ላይ «መጠይቅ እበትናለሁ» ብለሽ ከሆነ እኔም እጥልሽ ነበር። ሥራ የለቀቀችውን ልጅ ብቻ ብትጠይቂ የምታገኚው የእሷን ስሞታ ነው። ወንድሟን ስትጠይቂው የሰዓቱ ድምር ከሃያ አራት ያልፋል። ሁሉም «እኔ ነኝ የማስታምመው» ይልሻል።

የተዘጋጀ አለ። የአሜሪካው የጤናና ጡረታ ጥናት፣ ኤችአርኤስ፣ ከ1992 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ያንኑ ሰው ተመልሶ ይጠይቃል። የትኛው ልጅ እንደሚረዳ፣ በወር ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሆነ አለው። አውሮፓ ላይ ሼር የሚባለው አለ፣ ከ2004 ወዲህ። ሁለቱም ለተመራማሪ በነፃ ነው፣ ተመዝግበሽ ታወርጃለሽ።

ከዚያ ዋናው መሰናክል ይመጣል። ሥራ የተወችው ለማስታመም ነው ወይስ ሥራ ስላልነበራት ነው አስታማሚ የሆነችው? ሪግረሽኑ፣ ማለትም ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን የሚያሳየው ስሌት፣ ሁለቱን አይለይልሽም። ድንገት የሚመጣ ነገር ያስፈልግሻል። ለምሳሌ ወላጅየው በስትሮክ የወደቀበትን ጊዜ ያዢ፣ ከዚያ በፊት ሁሉም ልጆች ሥራ ላይ የነበሩባቸውን ቤተሰቦች ምረጪ፣ ከዚያ በኋላ ማን እንደለቀቀ ተከተዪ። ካርድና ክሩገር የሚባሉት ኢኮኖሚስቶች ስለ ዝቅተኛ ደሞዝ ሲያጠኑ ያደረጉት በመንፈስ ይህንኑ ነው። ኒው ጀርሲ በ1992 ዝቅተኛውን ደሞዝ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ስታሳድግ አጎራባቿ ፔንሲልቬንያ ባለችበት ቆየች፣ እነሱም የሁለቱን ፈጣን ምግብ ቤቶች በፊትና በኋላ አነጻጸሩ።

ያ የውርስ ጥናት ደግሞ፣ ጋሼ ሳይነግሩሽ አለፉ እንጂ፣ በ1998 ጥናቱ በወጣበት በዚያው ጆርናል ላይ ማሪያ ፔሮዜክ እንደገና ፈትሻዋለች። ውጤቱ ያን ያህል ጠንካራ ሆኖ አልተገኘም። ስትጠቅሺ ሁለቱንም ጥቀሺ፣ ገምጋሚ የሚይዝሽ እዚህ ላይ ነው።

የማታ ተማሪ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የርስዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዎ፣ መጠይቅ እበትናለሁ ብዬ ነበር። 😅

እንዲህ ብለውስ? «ወላጅ በድንገት ሲታመም ሥራ የሚለቀው ደሞዙ ዝቅ ያለው ልጅ ነው ወይስ ሴቷ ልጅ? ደሞዟ ከወንድሟ በሚበልጥበት ቤትስ ማን ይለቃል? ከቤተሰቡ የሚላክ ገንዘብ የጠፋውን ደሞዝ ምን ያህል ይተካል? ወላጅየው ካረፈ በኋላስ ወደ ሥራ ይመለሳሉ?»

ከማዶ፣ ሁለተኛዋ ጥያቄ ያንተ ናት። ደሞዟ በልጦም እሷው የምትለቅ ከሆነ «የምታጣው ትንሽ ስለሆነ ነው» የሚለው አይሠራም ማለት ነው።

ከማዶ፦

አሁን የእኔንም ክፍል አማካሪ ታሳምኛለሽ። ግን ደሞዟ በልጦ ወንድሟ የሚለቅባቸውን ጥቂት ቤቶች እንደ ትርፍ አትጣያቸው። እኔ ብሆን ከእነሱ ነበር የምጀምረው።

የድሮ አስተማሪ፦

ልጄ፣ አራት ጥያቄ ለአንድ ማስተርስ አይበዛም? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው፣ እነሱን ያዢ። የገንዘቡን ጣይው፣ ሰው የላከውንና የተላከለትን እኩል አይናገርም። ወደ ሥራ መመለሱን ለዶክትሬትሽ አቆዪው። ርዕሱንም ከላዩ ቀይሪው፣ «ሁኔታ» የሚል ርዕስ ሳይ እንቅልፌ ይመጣል።

ዳታ ወዳድ፦

ኤችአርኤስ ላይ ከመመዝገብሽ በፊት ኮድ መጽሐፉን አውርጂና አንድ ነገር አጣሪ። ወላጅየው ስለ ልጆቹ ገቢ የሚሰጠው መልስ «ከዚህ እስከዚህ» በሚል የገቢ ደረጃ ነው የሚመዘገበው፣ ትክክለኛው ደሞዝ አይደለም። ሁለቱም ልጆች አንድ ደረጃ ውስጥ ከወደቁ ማን እንደሚበልጥ አታውቂም። እነዚያን ቤተሰቦች ስታወጪ ስንት እንደሚቀሩሽ ቆጥረሽ ነው ወደ ገምጋሚው መመለስ ያለብሽ።